ቀይ መብራት አደራ ነው

ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ በሻሸመኔና በሐዋሳ አልፎ፥ ወደ ሞያሌና ወደ ኬንያ የሚወርደው ትልቅ መንገድ የዲላን ከተማ ከመካከል ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ ቀንም ሌሊትም መኪና አይጠፋም። የቡና ለቀማ በደረሰ ጊዜ፥ ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ቡና የጫኑ ትልልቅ መኪናዎች ወደ ሰሜን ይወጣሉ። አውቶቡስ፥ ሚኒባስ፥ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር ደግሞ እግረኛው ይሄዳል፤ ቆጮና ሙዝ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ እናት፥ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፥ ደብተሩን በጉያው ያደረገ ተማሪ ሁሉ በዚያ ይተላለፋሉ።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሁሉም ማለፍ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሰዎች ተራ የሚሰጥ ምልክት አበጁ። ምልክቱም በትልልቅ ከተሞች፥ ይልቁንም በአዲስ አበባ፥ በመስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆመው ባለ ሦስት ቀለም መብራት ነው። ቀዩ «ቁም» ይላል። ቢጫው «ለመቆም ተዘጋጅ» ይላል። አረንጓዴው «መንገዱ ክፍት እንደ ሆነ አይተህ እለፍ» ይላል። ይህ ቋንቋ አጭር ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ግን ምልክቱን እያወቁ የሚጥሱ ነጂዎች መኖራቸው ነው። ቀዩን መብራት ጥሶ ማለፍ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትንሽ ጥፋት አይደለም። የሌላውን ሰው ተራ መስረቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከተራው ጋራ ሕይወቱን መውሰድ ነው።

የጌዴኦ ልጅ የቀይንና የአረንጓዴን ልዩነት ገና ከሕፃንነቱ ያውቃል። በቡና ዛፍ ላይ አረንጓዴው ፍሬ «ቆይ፥ ገና አልደረስሁም» ይላል፤ ቀዩ ፍሬ «ደርሻለሁ፥ ልቀመኝ» ይላል። በመንገድ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀዩ ያቆማል፥ አረንጓዴው ያሳልፋል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጥሩ ገበሬ ገንዘብ ቢቸግረውም ጥሬውን ቡና አይለቅምም፤ ጊዜውን ይጠብቃል። ትዕግሥት የሌለው ገበሬ ጥሬውን ቢለቅም፥ የሚጎዳው የራሱን ሀብት ነው። ትዕግሥት የሌለው ነጂ ግን ምንም ያልበደለውን ሰው ይጎዳል።

መብራቱ እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ የተተከለው በእንግሊዝ አገር፥ በሎንዶን ከተማ፥ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አጠገብ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1868 በዲሴምበር ወር ነበረ። አሳቡን ያመጣው ጄ. ፒ. ናይት የሚባል የምድር ባቡር ምልክት መሐንዲስ ነው። በዚያን ጊዜ አውቶሞቢል በሎንዶን መንገድ ላይ ገና አልታየም፤ መንገዱን ያጨናነቀው የፈረስ ሠረገላ ነበረ። ምልክቱ በቀን ወደ ላይና ወደ ታች በሚል ክንድ፥ በሌሊት በጋዝ በሚበራ ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ ይታይ ነበር። ፋኖሱ ግን ራሱን አያዞርም፤ የሚያዞረው ከሥሩ የቆመ ፖሊስ ነበረ። አንድ ወር ያህል እንደ ቆየ፥ በ1869 በጃንዋሪ ወር፥ ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለው። ከብዙ ዘመንም በኋላ በአሜሪካ፥ በክሊቭላንድ ከተማ፥ እ.ኤ.አ. በ1914 በኦገስት ወር በኤሌክትሪክ የሚበራ ምልክት ተተከለ፤ ከዚያም ወዲህ መብራቱ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። አንድ መኪና ብቻ ባለበት አገር ተራ የሚሰጥ መብራት አያስፈልግም። መኪናና ሰው በበዛ ጊዜ ግን ሥርዓት የግድ ያስፈልጋል።

ነገር ግን መብራት ብቻውን ምን ኀይል አለው? በትር አይዝም፤ ሮጦ አይዝም፤ አይጮኽም። የመኪናን መንኰራኵር የሚያቆም ገመድ የለውም። ኀይሉ ሁሉ በሰዎች ስምምነት ነው። ይህንም በጌዴኦ ሥርዓት በምሳሌ ማየት ይቻላል። በጌዴኦ ሶንጎ የሚባል የአባቶች ሸንጎ አለ። ሽማግሌዎች በዚያ ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ። በሸንጎ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢናገር ፍርድ አይገኝም። አንዱ ሲናገር ሌላው ይታገሣል፤ የሚታገሠውም ተራው እንደሚደርሰው ስለሚያምን ነው። መስቀለኛ መንገድም እንደ ሸንጎ ነው።

አንድ ነጂ አረንጓዴ መብራት ባየ ጊዜ ሳይፈራ የሚያልፈው ስለ ምንድን ነው? በስተጎኑ ያለው ነጂ ቀይ አይቶ እንደሚቆምለት ስለሚያምን ነው። የዚያን ነጂ ስም አያውቅም፤ አገሩንና ወገኑን አያውቅም፤ ፊቱን እንኳ ደኅና አድርጎ አላየውም። ነገር ግን የራሱንና የተሳፋሪዎቹን ነፍስ አደራ ይሰጠዋል። በነጩ መስመር ላይ የምትሻገር ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ነፍስዋን ለማታውቀው ሰው አደራ ትሰጣለች። እንግዲህ ቀይ መብራት አደራ ነው ማለት ነው። ቀይ መብራት የሚጥስ ነጂም አደራ በላ ነው። የሰው ገንዘብ በአደራ ተቀብሎ የካደ በአገር ሁሉ ዘንድ የተናቀ ከሆነ፥ የሰው ነፍስ በአደራ ተቀብሎ የሚክድ ምን ይባል?

ቀዩን የሚጥስ ነጂ ምክንያት አያጣም። ከሁሉ አስቀድሞ «ቸኩያለሁ» ይላል። ችኮላው ምን ያህል እንደሚያተርፈው ግን አያሰላም። ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 360 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ6 ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ይህም 360 ደቂቃ ነው። በመንገዱ 10 ጊዜ ቀይ መብራት ቢያጋጥመውና በእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢቆም፥ የሚዘገየው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ይህም ከጉዞው 36 እጅ አንዱ ነው። ለዚህ ለ36ኛ እጅ ሲል ሕይወትን የሚያህል ነገር ያስይዛል። ቢያጋጭ ግን መኪናው ይሰበራል፤ ቡናው በአስፋልት ላይ ይፈሳል፤ እርሱም ወይ ወደ ሐኪም ቤት ወይ ወደ ወህኒ ይሄዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ተረት እውነት ነው፤ የፈሰሰ ቡና መልሶ ይለቀማል፥ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ደግሞ «መንገዱ ባዶ ነበረ» የሚል አለ። ይህን ምክንያት ይልቁንም በሌሊትና በማለዳ የሚነዱ ይናገሩታል። ነገር ግን የሰው ዓይን በግንብ አልፎ አያይም። ከቆመው የጭነት መኪና ኋላ ልጅ ሊወጣ ይችላል፤ ከማእዘኑ ወዲያ አረንጓዴ አይቶ የሚመጣ ሞተር ብስክሌት ሊኖር ይችላል። መብራት የተተከለውም ዓይን ያላየውን እንዲጠብቅ ነው። ከዚህም ጋራ ልማድ ክፉ ነገር ነው። መጀመሪያ በባዶ መንገድ ቀዩን የጣሰ፥ ቀጥሎ ጥቂት መኪና ባለበት ይጥሳል፤ በመጨረሻም ሰው በሞላበት ይጥሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው።

ሌላው «ፖሊስ አልነበረም፥ ሌሎችም ያደርጉታል» ይላል። ይህ ሰው ሕግን የሚያከብረው ለቅጣት ብቻ ነው። ፖሊስ በሌለበት ጊዜ የመኪናው ክብደት አይቀንስም፤ የሕፃኑም አጥንት አይጠነክርም። ሌሎች ማጥፋታቸውም ጥፋትን መልካም አያደርገውም። ገበያ ውስጥ ሌባ ቢበዛ መስረቅ አይፈቀድም።

ነጂውን ብቻ መውቀስ ደግሞ ፍርድ ማጓደል ነው። «ባለ መኪናው አስቸኮለኝ» የሚለው ነጂ አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው። ባለ መኪና የምልልሱን ብዛት ብቻ የሚቈጥር ከሆነ፥ የዘገየውንም ሁሉ የሚቀጣ ከሆነ፥ ነጂው ቀዩን ሲጥስ የጌታው እጅ አብሮ መሪውን ይዟል ማለት ነው። «ንዳው፥ ንዳው» እያለ የሚጮኽ ተሳፋሪም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ እግሩ ከፍሬኑ አጠገብ ያለው ነጂው ነው። ጌታው ሲቈጣ «እሺ ጌታዬ፥ በሰላም እደርሳለሁ» ብሎ በጊዜው መቆም የእርሱ ፈንታ ነው። በሽተኛ የሚያመላልስ አምቡላንስ ወይም እሳት የሚያጠፋ መኪና እየጮኸ ሲመጣ ሌላው መንገድ ይለቅለታል፤ እርሱ እንኳ ወደ መስቀለኛው ሲደርስ መጠንቀቅ ይገባዋል። ቡናና ገበያ ግን እንደ ነፍስ አድን ሥራ አይቈጠሩም።

ችኩል ነጂ «ሰው ባይ እቆማለሁ» ብሎ በፍሬኑ ይታመናል። ይህን አሳብ በቁጥር መመርመር ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው ልጅ ድንገት አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ እነሆ፥ ገና ፍሬን ሳይዝ 17 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑን ከያዘም በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ 20 ሜትር ያህል ሳይሄድ አይቆምም። ይህም በጠቅላላው ከ35 ሜትር ይበልጣል። ይህ የትንሽ መኪና ነገር ነው። መኪናው ከባድ ጭነት የያዘ፥ አስፋልቱም በዝናብ የራሰ እንደ ሆነ፥ ርቀቱ እጅግ ይጨምራል። የጌዴኦ አገር ደግሞ ዝናብ የማይለየው አገር ነው።

በልጁ በኩልም ቁጥሩን ማየት ይገባል። መንገዱ 7 ሜትር ስፋት ቢኖረው፥ ልጁም በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ቢራመድ፥ ለመሻገር 7 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ከ100 ሜትር ርቀት በዚያ ፍጥነት የሚመጣው መኪና ግን በ6 ሴኮንድ ይደርሳል። ልጁ መኪናውን ባየው ጊዜ ሩቅ መስሎት ነበረ፤ ነገር ግን ከመንገዱ ሳይወጣ ይደርስበታል። የመኪናን ፍጥነት በዓይን መገመት ለሕፃን አስቸጋሪ ነው። ቀይ መብራት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ልጁ ሊገምተው የማይችለውን ለእርሱ እንዲገምትለት ነው።

የመንገድ ጥፋት የአንድ አገር ብቻ ኀዘን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች 1,190,000 ያህል እንደ ሆኑ ተናግሯል። ይህ በየደቂቃው ከሁለት ሰው በላይ ነው። ነጂው መብራቱ እስኪለወጥ ድረስ በምትረዝምበት በዚያች አንዲት ደቂቃ፥ በዓለም ላይ በሁለት ቤት ልቅሶ ይጀመራል ማለት ነው። ከ5 ዓመት እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚገድል ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ከሞቱትም መካከል እኩሌታው የሚበልጡት እግረኞችና ብስክሌት ወይም ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ናቸው። ሁሉም ቀይ መብራት በመጣስ የሞቱ አይደሉም፤ ፍጥነት፥ መጠጥ፥ የመኪና ብልሽትና የመንገድ ክፋትም ይገድላሉ። ነገር ግን ቀይ መብራትን ማክበር ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። መንገድ ለማስፋት ብዙ ብር ያስፈልጋል፤ በቀይ መብራት ለመቆም ግን ትዕግሥት ብቻ ይበቃል።

ሕግም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ543ኛው አንቀጽ ሰውን በቸልተኝነት የገደለ እንደሚቀጣ ይናገራል። ግልጽ የሆነውን ደንብ አውቆ የጣሰ ሰው በዚያ ምክንያት ሰው ከገደለ፥ ወይም በቸልተኝነቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፥ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ሕጉ «አላወቅሁም» በሚለውና «አውቄ ጣስሁ» በሚለው መካከል ልዩነት አደረገ። ቀይ መብራትን የሚጥስ ነጂ ደግሞ «አላወቅሁም» ለማለት አይችልም፤ መብራቱ በፊቱ በርቶ ነበረና።

ይሁን እንጂ በዲላም ሆነ በሌሎች ከተሞች መብራት ያልተተከለበት መንገድ ብዙ ነው። መብራትም ባለበት፥ ኤሌክትሪክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ አደራው አይቀርም። የትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲያነሣ፥ ያ እጅ ቀይ መብራት ነው፤ መብራቱ «እለፍ» ቢል እንኳ ፖሊሱ «ቁም» ካለ መቆም ይገባል። በአስፋልቱ ላይ የተቀባው የእግረኛ መሻገሪያም፥ ሰው እግሩን በላዩ ባደረገ ጊዜ፥ ለነጂው ቀይ መብራት ነው። ይህ ሁሉ በሌለበት ደግሞ መንገድ ሊሻገር የቆመ ሕፃን ራሱ ቀይ መብራት ነው። መብራትን በየመንገዱ መትከል የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ በሕፃን ፊት መቆም ግን የእያንዳንዱ ነጂ ሥራ ነው፥ በጀትም አይጠብቅም።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያ ተራራ ላይ ቡና፥ እንሰትና ትልልቅ ዛፍ አብረው ይኖራሉ። ዛፉ እስከ ዛሬ የቆየው በየግንዱ ሥር ዘበኛ ስለ ቆመ አይደለም፤ አባቶች የመጠበቅን ሥርዓት በልባቸው ስለ ያዙት ነው። የዛፍን ነፍስ ያለ ዘበኛ መጠበቅ ከተቻለ፥ የሰውን ነፍስ ያለ ፖሊስ መጠበቅ እንዴት አይቻልም?

ልጆች ሆይ፥ በዚህ ነገር ለእናንተም ሥራ አለ። ለእግረኛ የሚበራው ቀይ ምልክት ሲታይ ቁሙ፤ ለነጂው የተሰጠውን ተራ የሚነጥቅ እግረኛም ያው አደራ ያፈርሳል። አረንጓዴ ቢበራላችሁም ግራና ቀኝ ሳታዩ አትሻገሩ፤ ሁሉ ሰው አደራ ጠባቂ አይደለምና። ታናናሾቻችሁን እጃቸውን ይዛችሁ አሻግሩ። ከቆመ መኪና ኋላ ድንገት ወደ መንገድ አትውጡ። በመኪና ተሳፍራችሁ ስትሄዱ ነጂው ቢቸኩል፥ በትሕትና «ጋሼ፥ እባክዎ ቀስ ብለው ይንዱ» በሉት፤ የልጅ ቃል አንዳንድ ጊዜ ከፖሊስ ፉጨት ይልቅ ይሰማል። ከእናንተም መካከል ነገ መሪ የሚይዝ አለ። ያ ሰው ዛሬ በትምህርት ቤት በር ላይ ሳይጋፋ ተራውን መጠበቅ ቢማር፥ ነገ በመስቀለኛው መንገድ፥ ማንም ሳያየው፥ በቀዩ መብራት ፊት ይቆማል።